ከጅዳ በየወሩ የሚላክ ገንዘብ፦ ቤት፣ ወርቅ፣ እቁብ ወይስ ባንክ? (ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ)

የሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ሒሳብና ውል የምታውቁ ሰዎች እንድትመክሩን ነው።

ታናሽ እህቴ ጅዳ ቤት ሠራተኛ ናት። ኮንትራቷ ሊያልቅ 24 ወር ቀርቶታል። ወደ ብር ሲመነዘር በወር 30,000 ገደማ ትልካለች። እናትና አባታችን ከሁለት ተማሪ ልጆች ጋር ሐይቅ ናቸው፤ የቤቱ ወጪ በወር 14,000 ብር ነው። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስለምሠራ ራሴን እችላለሁ። እስካሁን 180,000 ብር ተጠራቅሟል፤ ባንክ ያለው በእኔ ስም ነው።

ቤተሰቡ አልተስማማም። አባቴ ከከተማ ወጣ ብለን ከገበሬ ቦታ ገዝተን ቤት እንጀምር ይላል። እናቴ ወርቅ ይገዛላት ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ 24 ሰው ያለበት፣ በወር 5,000 የሚጣልበት እቁብ ግቡ ብሎናል። እህቴ ወለድ አትፈልግም፤ ስትመለስ ደሴ ላይ ሱቅ መክፈት ነው ሐሳቧ። ከየት እንጀምር?

ሒሳብ ያዥ

ወአለይኩም ሰላም። አላህ በሰላም ያምጣት።

ከቤቱም ከወርቁም በፊት የሚስተካከል ነገር አለ። 180,000 ብሩ በአንተ ስም እስካለ ድረስ በወረቀት ያንተ ነው። ነገ ብታገባ የጋራ ሀብት ነው የሚል ክርክር ሊነሣበት ይችላል። ለሰው ዋስ ሆነህ ብትፈርም በእዳው ሊያዝ ይችላል። አላህ አያድርገውና አንድ ነገር ብትሆን ደግሞ ወራሾችህ ናቸው የሚካፈሉት። አንተን በመጠርጠር አይደለም ይህን የምለው፤ ወንድምና እህት ከተጣሉባቸው ጉዳዮች ስንቱ ክፋት ሳይኖር በስም ብቻ የመጣ መሰለህ። በእሷ ስም ሒሳብ ይከፈትና ገንዘቡ በባንክ ዝውውር ይግባላት። ጥሬ ገንዘብ አውጥተህ አታስገባ፤ ዝውውሩ ራሱ ማስረጃ ነው።

ከዚያ የሚላከው ገንዘብ በመጣበት ቀን ለሦስት ይከፈል።

አንደኛው የቤቱ 14,000 ነው።

ሁለተኛው በየወሩ የማይመጣ፣ ግን መምጣቱ የማይቀር ወጪ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚናጋው እዚህ ላይ ነው፤ ነሐሴ ላይ የልጆቹ ዩኒፎርምና ደብተር ሲመጣ እንደ ድንገተኛ ነገር ይደነግጣሉ። ዓመቱን ሙሉ ጻፉት። ለምሳሌ ለትምህርት ቤት 10,000፣ ለአረፋ በግና ለኢድ ልብስ 14,000፣ ለቅሬ (ለቀብር ዕድር) እና ለጤና መድን 3,000፣ ለቤት ጥገና 9,000 ብትሉ ድምሩ 36,000 ነው። ለ12 ሲካፈል በወር 3,000 ይሆናል። ቁጥሩን በራሳችሁ ልክ ቀይሩት፤ ዝርዝሩን ግን አትዝለሉ።

ሦስተኛው የቀረው 13,000 ነው። እሱ የእሷ ነው።

ከተጠራቀመው 180,000 ላይ የቤቱን የአራት ወር ወጪ፣ ማለትም 56,000 ብር፣ ለክፉ ቀን ለዩ። የአረብ አገር ሥራ በአንድ ቀን ሊቋረጥ ይችላል፦ አሠሪ ይለወጣል፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ሳይታደስ ይቀራል፣ ሕመም ይመጣል። ያኔ ቤቱ ለአራት ወር ካልተነቃነቀ እሷም ተረጋግታ ታስባለች። 56,000ው ሲነሣ 124,000 ይቀራል። በ24 ወር 13,000፣ 13,000 ሲጨመርበት 312,000 ነው። በጠቅላላው ስትመለስ 436,000 ብር ይጠብቃታል ማለት ነው። ቤቱም ወርቁም እቁቡም የሚመዘነው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው፦ ዛሬ የምታደርጉት ነገር በ24ኛው ወር ለሱቁ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ይገኛል ወይስ አይገኝም?

ባንከኛ ከኮምቦልቻ

ሒሳብ ያዥ የጻፈው ልክ ነው። እኔ ባንኩን ልጨምር።

እህትህ ወለድ ካልፈለገች ወለድ አልባ ሒሳብ በብዙ ባንኮች መስኮት አለ። በ2013 ሥራ የጀመረው ዘምዘም ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ ሆኖ የመጀመሪያው ባንክ ነው። ሁለት ዓይነት ሒሳብ እንዳለ ግን ለይታ ትወቅ። ወዲዓ አደራ ነው፤ ገንዘቡ አይቀንስም፣ ውሉም ትርፍ አይሰጥም። ሙዳረባ በገንዘቡ ተሠርቶ የሚገኘውን ትርፍ አስቀድሞ በተፈረመ መቶኛ መካፈል ነው። የሥራው ኪሳራ ባንኩ ካላጠፋ በቀር በገንዘቡ ባለቤት ላይ ነው፤ ያንን ገጽ ሳታነብ አትፈርም። ሰው «ወለድ አልባ ክፈቱልኝ» ብሎ ብቻ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚከፈትለት ወዲዓ ነው፤ ከዓመት በኋላ «ትርፌ የታለ?» ሲል ይጣላል። የክፉ ቀኑን 56,000 ወዲዓ፣ የረጅም ጊዜውን ሙዳረባ ማድረግ ይቻላል።

የተቀማጭ ገንዘብ መድን ባንክ ቢወድቅ የሚሸፍነው ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከዚያ ሲያልፍ በሁለት ባንክ መክፈል ወጪ የለውም፣ ጥበቃ ግን ይጨምራል።

አሁን ወደ ዋጋ ንረቱ። ለምሳሌ ያህል ዕቃ በዓመት 15 በመቶ ቢወደድ፣ ዛሬ 100,000 የሚገዛው በዓመቱ 115,000 ያስፈልገዋል። 7 በመቶ ወለድ የሚታሰብለት ሰው እንኳ 107,000 ብቻ ነው የሚይዘው፣ ከወለዱም ላይ ግብር አለ። በአደራ ያስቀመጠ 100,000ውን እንደያዘ ነው። ባንክ መቆለፊያ ነው እንጂ አያሳድግም ብላችሁ ግቡበት።

አንድ በር ግን አለ፣ ሰው አይጠይቀውም። እህትህ የምታገኘው ሪያል ነው፤ ሪያል ደግሞ ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲቀየር 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር፣ ዓመት ሳይሞላ ከ120 ብር በላይ ወጥቷል። ያን ጊዜ ሁሉንም መንዝሮ በብር ያስቀመጠና ከፊሉን በውጭ ምንዛሪ የያዘ ሰው እኩል አልሆኑም። ውጭ የምትኖር ኢትዮጵያዊት እንደመሆኗ ፓስፖርቷንና ኢቃማዋን አቅርባ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ትችላለች። የእሷ ከሆነው 13,000 ግማሹ ሳይመነዘር እዚያ ቢገባ እመርጣለሁ። ሁሉም ይግባ አልልም፤ ምንዛሪ ወደ ሌላ አቅጣጫም ሊሄድ ይችላል፣ ሱቁ የሚከፈተውም በብር ነው።

በእጅ በሚላክ ሐዋላ አትላኩ። ጥቂት ብር ይጨምራል፤ ግን ገንዘቡ ከእሷ ለመምጣቱ ማስረጃ የላችሁም፣ ቢጠፋም ከሳሽ አትሆኑም።

ውልና ካርታ

የገበሬው ቦታ ላይ አልስማማም። አባትህ በክፉ አላሰቡም፤ ሰው ሁሉ ሲያደርገው ስላዩ ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በሦስት ሽማግሌ ፊት የተጻፈች ወረቀት ፍርድ ቤት ስትቀርብ የመሬት ሽያጭ ስለሆነች ውሏ ፈራሽ ነው። ከዚያ ሁለት ነገር ይመጣል። ከተማው ሲሰፋ ካሣው የመሬት ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ገበሬ ይሆናል፤ ወይም የገበሬው ልጆች አድገው «አባታችን አልሸጠም» ይላሉ። ገንዘባችሁን መልሱ ብትሉ እንኳ የሚመለሰው ከዓመታት በፊት የከፈላችሁት ቁጥር ነው።

በከተማ ክልል ውስጥ ካርታ ያለው ቤት ከተገኘ ግን ሌላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልጻፍ፣ ሰው ቀብድ ከሰጠ በኋላ ነው ወረቀት የሚጠይቀው። የካርታውን ኮፒ ይዛችሁ መሬት አስተዳደር ሂዱና ፋይሉ ላይ ያለው ስምና ስፋት ከካርታው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ከእዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ሻጩ ያውጣ። የሊዝና የቤት ግብር ደረሰኙ እስከዚህ ዓመት መከፈሉን እዩ። ሻጩ ያገባ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ያላገባ ከሆነ የላጤነት ማስረጃ ያምጣ። ውርስ ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ ይፈርሙ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቀብድ። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል፤ ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል ይጻፍ። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ካልሆነና ካልተመዘገበ አይጸናም።

ሻጭና ገዥ ተስማምተው ለግብር ሲሉ ዋጋውን አሳንሰው የሚጽፉበት ልማድ አለ። እንዳታደርጉት። ውሉ ቢፈርስ የምትጠይቁት የተጻፈውን ብቻ ነው።

ሒሳብ ያዥ ገንዘቡን ሁሉ ለሱቁ ማቆየቱ ግን ያስፈራኛል። ቤተሰቡ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ካርታ ያለው ግቢ ካለው ቦታ መግዛት ምን ያደርጋል? እዚያው ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሥሩ። ጎን ለጎን የሆኑ 3 በ4 ክፍሎች ግድግዳቸው ከመካከለኛው ጋር 24 ሜትር ነው። ቁመቱ 2.8 ሜትር ቢሆን 67 ካሬ ይመጣል፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 60 ካሬ ገደማ። 40 በ20 የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ 12.5 ስለሚገባ፣ ከሚሰበረው ጋር 800 ብሎኬት ይዛችሁ ሒሳቡን አስወጡ። ትልቅ ቤት መሠረቱ ወጥቶ ሳር የሚበቅልበት፣ ብረቱ አናት ላይ የሚዝግበት ምክንያቱ ገንዘቡ ከበርና ከመስኮት በፊት ስለሚያልቅ ነው። ሁለት ክፍል በሩ ተገጥሞ፣ መብራት ገብቶ ሲያልቅ ኪራይ ያመጣል።

ዋጋው ሳይጨምር ዕቃ ልግዛ የምትሉ ከሆነ ቆርቆሮና ብረት ደረቅ ቦታ ይቆያሉ። ሲሚንቶ አትከምሩ፤ እርጥበት ስቦ በሦስት ወር አካባቢ መርጋት ይጀምራል፣ እጅ ላይ የማይፈርስ ጓል ካለበት ኃይሉ አልቋል።

ሒሳብ ያዥ

ውልና ካርታ፣ ሰርቪሱ ላይ እስማማለሁ፤ ግን ሁለት ሁኔታ ይጨመርበት። አንደኛ፣ ካርታው በአባት ስም ከሆነ የሚሠራው ቤትም የአባት ነው የሚሆነው፤ በኋላ ውርስ ሲመጣ ሁሉም ልጅ እኩል ይካፈለዋል። እሷ የላከችበት መሆኑ አይጠየቅም። ወይ በስጦታ ውል ድርሻዋ ይለይላት፣ ወይ የኪራዩ ገቢ የእሷ እንደሚሆን ቤተሰቡ ተስማምቶ ይፈርም። ሁለተኛ፣ ከ436,000 ግማሹ አይነካ።

የሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

ጀዛኩሙላሁ ኸይር። ግቢው ካርታ አለው፣ በአባቴ ስም ነው። የገበሬውን ቦታ ነገር አንብቤላቸው ዝም አሉ። እቁቡንና ወርቁን ማን ያውቃል? ውክልናስ እንዴት ነው የሚላከው? እሷ «ሙሉ ውክልና ልስጥህና አንተ ጨርሰው» ብላኛለች።

ሰኞ ገበያ

ስለ እቁቡ እኔ ልመልስ።

እቁብ እንደ ዕጣው ሁለት መልክ አለው። መጀመሪያ ከደረሳችሁ ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ መጨረሻ ከደረሳችሁ ደግሞ እናንተ ለሌሎች አበዳሪ ናችሁ። በ24 ሰው በ5,000 የሚወጣው 120,000 ነው። ባንከኛ በያዘው 15 በመቶ ብናሰላ፣ በ24ኛው ወር የሚደርሳችሁ 120,000 ዛሬ 90,700 ገደማ የሚገዛውን ነው የሚገዛው። ሌላም ችግር አለ፦ እቁቡ የሚያልቀው ልክ የእህትህ ኮንትራት ሲያልቅ ነው። አምስት ወር ቀድማ ብትመለስ ቀሪውን 25,000 ማን ይጥላል? ዋሱ አንተ ነህ።

መግባት ከፈለጋችሁ በ10 ወይም በ12 ወር የሚያልቅ፣ ከ13,000ው ላይ ከ3,000 የማይበልጥ የሚጣልበት ይሁን። ከመግባታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ደንቡ ተጽፏል? ቀድሞ የወሰደ ሰው ስንት ዋስ ያስይዛል? ዋሱ ራሱ የእቁቡ አባል ከሆነና እሱም ቀድሞ ወስዶ ከሆነ ዋስ አይባልም። የተሰበሰበው ብር በዚያው ቀን ለባለዕጣ ይሰጣል ወይስ ሰብሳቢው እጅ ያድራል? እቁብ የሚፈርሰው በዚህች ማደር ነው። ፀሐፊና ሰብሳቢ አንድ ሰው መሆንም የለባቸውም። ዕጣ ሲሸጥና ሲገዛ የሚቀነሰው ገንዘብ ለእህትህ ከወለድ ጋር የሚያያዝ ስለሚሆን አስቀድማ ሼኽ ትጠይቅ።

ወርቅ፦ 21 ካራት 87.5 በመቶው፣ 18 ካራት 75 በመቶው ንጹሕ ወርቅ ነው። 20 ግራም የ18 ሐብል ውስጥ 15 ግራም ብቻ ነው ያለው። ስትገዙ የእጅ ዋጋ ትከፍላላችሁ፣ ስትሸጡ አይመለስም፤ ድንጋይ ካለበት ድንጋዩ ከሚዛን ይቀነሳል። ለቁጠባ ከሆነ ጌጡ ያልበዛበት፣ ካራቱ የተመታበት ቀለበት ወይም ድፍን አምባር ግዙ። ደረሰኙ ላይ ግራሙ፣ ካራቱና የእጅ ዋጋው ለየብቻ ይጻፍ። ደሴ ፒያሳ ስትገዙ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን አይታችሁ፣ ለዚያው ዕቃ ሁለት ሱቅ የመሸጫም የመግዣም ዋጋ ጠይቁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ኪሳራችሁ ነው፤ ስለዚህ በስድስት ወር ለሚፈለግ ገንዘብ ወርቅ አይሆንም። እናትህ የሚሉት ትክክል የሚሆነው ከአንድ አምስተኛ ሳያልፍና ለዓመታት ሲቀመጥ ነው። ሰርግ ሲመጣ ለሰው እንዳይዋስ ግን!

ውልና ካርታ

ሙሉ ውክልና አትቀበል፣ እሷም አትስጥ።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፦ ኪራይ መሰብሰብ፣ ግብር መክፈል፣ የመሳሰለው። ቤት መሸጥና ማስያዝ ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ስለዚህ «ሙሉ» ብላ ጽፋ ብትልክ ለምትፈልጉት ነገር ሳይበቃ ተመልሶ ይላካል፤ ሁሉም ነገር ተዘርዝሮ ከተጻፈ ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን ሰጥታለች። ሁለት ውክልና ይዘጋጅ። አንዱ በስሟ የባንክ ሒሳብ ለመክፈትና ገቢ ለማድረግ፤ ወጪ ማድረግ ካስፈለገ እስከ ስንት ብር እንደሆነ ይጻፍ። ሌላው ለሱቁ፣ የኪራይ ውል ለመፈረምና ንግድ ፈቃድ ለማውጣት። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚለው ሐረግ አይግባ፤ ቅጹ ላይ ታትሞ ከመጣ ሰርዛ ትፈርም።

ጅዳ ያለው ቆንስላ ያረጋግጠዋል፣ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። ስሟ በፓስፖርቷ ላይ እንዳለው በፊደል ልክ ይጻፍ። «ፋጡማ» እና «ፋጢማ» ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለባንኩ ሁለት ሰው ናት። የአያት ስም ቀርቶ የተመለሰ ውክልና ሌላ ወር ያስጠብቃል።

ተሁለደሬ

የተረሳ አለ። ቅሬያችሁ ቀብርና ለቅሶ ነው የሚሸፍነው፣ ሆስፒታል አይደለም። ቁጠባን የሚበላው ደግሞ ሕመም ነው። አባትና እናት ደመወዝተኛ ካልሆኑ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይግቡ፤ በ2003 በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ የእናንተው ተሁለደሬ ነው። መዋጮው በዓመት አንዴ ነው፣ የምዝገባና የእድሳት ጊዜ አለው፤ ቀኑ ካለፈ ገንዘብ ይዞ መሄድ ብቻ አይበቃም፣ ቀጣዩን ጊዜ መጠበቅ ይመጣል። ደብተሩ ላይ የሁሉም የቤተሰብ አባል ስምና ፎቶ መኖሩን እዩ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይጻፍ ቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

ሁለተኛ፣ 14,000ውን ቀንሱት። ጤፍ በየወሩ በኪሎ ከመግዛት አዲሱ ሲወቃ፣ ጥር ላይ፣ የስድስት ወሩን በኩንታል ግዙ። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይገባበትም፤ እርጥበት ካልነካው ይቆያል። ማሽላና በቆሎ ግን ይነቅዛሉ፤ እነሱን አየር በማያስገባው ባለሦስት ድርብ ከረጢት አድርጉ። ስትገዙ እጃችሁን ወደ ከረጢቱ ታች ስደዱና ዝገኑ፤ ከላይ ማኛ ሆኖ ከታች ሰርገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከክፉ ቀኑ ሳይሆን ከ3,000ው ይሁን።

ዘካም ይታሰብ። ኒሳቡ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት መነሻ መጠን) በወርቅ 85 ግራም፣ በብር ማዕድን 595 ግራም ነው፤ የሁለቱ ዋጋ በጣም ስለተራራቀ በየትኛው እንደሚታይ የመስጊዳችሁን ሼኽ ጠይቁ። የደረሰ ከሆነ የጨረቃ ዓመት በዞረበት ገንዘብ ላይ 2.5 በመቶ ነው፤ በ200,000 ብር 5,000 ይመጣል። ዕቅዱ ውስጥ ካልተጻፈ ለሱቁ የሚጠብቃት ቁጥር ይዛነፋል።

አንተም ራስህን አትርሳ። ከደመወዝህ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምራል። መቆረጡ ብቻ አይበቃም፣ መግባቱን አጣራ፤ የጡረታ መለያ ቁጥርህን ይዘህ ጠይቅ። በ60 ዓመት የወር አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ፋብሪካ የምትቀይር ከሆነ የቀድሞውን የሥራ ልምድ ወረቀት ሳትይዝ አትውጣ።

የሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

አላህ ይስጣችሁ። ነገ ባንክ ሄጄ በስሟ ለመክፈት ምን ምን እንደሚሉኝ እጠይቃለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ 436,000 ብሩ ሲደርስ ሁሉም ወደ ሱቁ ይግባ?

ሒሳብ ያዥ

አይግባ። ደሴ ላይ ሱቅ ሲከፈት ሰው የሚያስበው ዕቃውን ብቻ ነው። በ436,000 ብናየው፣ ለቅድሚያ ኪራይ፣ ለመደርደሪያ፣ ለፈቃድና ለመብራት 110,000 ያዙ። ለመጀመሪያ ዕቃ 150,000። 90,000 የማይነካ የእሷ መኖሪያ ነው፤ ሱቁ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ትርፍ ያበላታል ብላችሁ አታስቡ። የቀረው 86,000 ዕቃ ለመድገም ነው፦ የሚሸጠውና የማይሸጠው ከታወቀ በኋላ፣ የሚሸጠውን ለመጨመር። ሁሉንም በመጀመሪያው ቀን ዕቃ የገዛ ሰው በሦስተኛው ወር መደርደሪያው ሙሉ ሆኖ ስኳርና ዘይት የሚገዛበት ያጣል፣ ከዚያ ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ በውድ መውሰድ ይጀምራል።

የሱቁ ኪራይ ውል ከአንድ ዓመት ያላነሰ ይሁን፤ ጭማሪው መቼና በስንት እንደሆነ ይጻፍበት። ገንዘቡን ከፋፍሎ መያዙን ግን ዛሬውኑ ጀምሩ፤ በሚቀጥለው ወር 30,000ው ሲገባ 14,000፣ 3,000፣ 13,000 ብለህ በዚያው ዕለት አዛውርና ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ ላክላት።